የመምህር ኩማ ሬዲዮ

ወንድሟን ከስድስተኛ ክፍል መምህርነት ሊያነሱት መሆኑን ዘርፈሽ የሰማችው በኮምፔርሳቶ ግድግዳ በኩል ነው። ነቀምቴ ውስጥ የምትሠራበት የትምህርት መርጃ መሣሪያ ማዕከል አንድ ሰፊ አዳራሽ ነበር። ኃላፊው ጓድ ጉሉማ ሲሾም አንዱ ጥግ በኮምፔርሳቶ ተከልሎ ቢሮ ተሠራለት፤ ግድግዳው ግን ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ስለቀረ ሰውዬው ሻይ ሲያማስል እንኳ ውጭ ይሰማ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ዘርፈሽ ከኑኑ ቁምባ ለጥገና የመጡ ሬዲዮዎችን አቧራ እየጠረገች ሳለ ጉሉማ ከአስተዳደር ሠራተኛው ጋር ሲነጋገር ሰማች። "ሁለት ዓመት ሙሉ ሬዲዮኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል" አለ ጉሉማ። "ለምን ሲባል ሳጥን ልጅ አያስተምርም ይላል። እኔ ይኼን ብዬ ለበላይ ልጻፍ?" የአስተዳደር ሠራተኛው ሳል ይዞት ስለነበር ጥቂት ቆይቶ ነው የመለሰው፤ ለአሶሳ ሰፈራ ጣቢያ አስተማሪ ላኩ ተብሎ እንደተጠየቀ፣ ወደ ቆላ ለመሄድ ፈቃደኛ የሚሆን ሰው እንደጠፋ፣ ወንድሟን ኩማ ተረፋን ለመላክ ግን በቂ ምክንያት እንዳለ ተናገረ። "ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው እኮ ነው" አለ ጉሉማ። ወዲያው ደግሞ በደከመ ድምፅ፣ "ዛሬ ከሰዓት ዲጋ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። ከከፈተ ከፈተ፤ ካልከፈተ ከሰኞ ጀምሮ አሶሳ ነው" አለ።

ዘርፈሽ እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነበር፤ ንዴቱም በጉሉማ ሳይሆን በወንድሟ ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞረች መምህራንን ስለ ሬዲዮ ትምህርት አሠልጥናለች። ሞገዱን እንዴት እንደሚያገኙ፣ ሥርጭቱ ከመጀመሩ በፊት አዳዲሶቹን ቃላት ሰሌዳ ላይ እንዴት እንደሚጽፉ፣ ድምፁ ለአፍታ ሲቆም ተማሪዎቹን እንዴት መልስ እንደሚያሰጡ፣ ሲያልቅ ምን እንደሚያሠሩ አሳይታለች። እጁ የሚንቀጠቀጥ መምህር ገጥሟታል፤ ሬዲዮኑ ይነዝረኛል ብሎ የሚሸሽም ገጥሟታል፤ ሁሉንም በትዕግሥት አስለምዳለች። የገዛ ወንድሟ ብቻ ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሥልጠናው ሳይጋመስ ተነስቶ ወጣ። ያስተማራት እሱ ነው፤ አባታቸው ከሞቱ በኋላ ደብተሯንም ጫማዋንም የገዛላት እሱ ነው። በሱ ገንዘብ የተማረች ታናሽ እህቱ መልሳ ልታስተምረው መሆኑ ከብዶት እንደወጣ ገመተች፤ ግምቷን ግን ጠይቃ አላረጋገጠችም። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ብቻ ነበር፤ በኋላ ግን እሱ ለቅሶ መሄዱንም ተወ።

ጉሉማ ከቢሮው ሲወጣ ቆማ አገኛት። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ዕንቅልፍ የሚያንሰው የሚመስል ልጅ እግር ነበር። እንደሰማች ከፊቷ አወቀና ዓይኑን ወደ ሬዲዮዎቹ አዞረ።

"ጓድ ዘርፈሽ፣ ከሰዓት ዲጋ እሄዳለሁ።"

"ከፈቀዱልኝ እኔ አሁኑኑ ልቅደም። የባትሪ ድንጋዩ ያረጀ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ሰበብ እንዳይሆን።"

"ይቅደሙ" አለና ጨመረ፤ "የሚሰማዎት ከሆነ ይንገሩት። እኔም ከላይ እጠየቃለሁ።"

ወደ ግምቢ ቡና ሊጭን የሚሄድ ኤንትሬ ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ በአንዲት እርጉዝ ሴትና በሾፌሩ መሃል ተጣብቃ ተሳፈረች። ጉልበቷ ላይ ከማዕከሉ የያዘችውን የካሴት ቴፕ፣ ቴፑ ላይ ደግሞ የመምህሩን መምሪያ መጽሐፍ አስቀምጣለች። መንገዱ በክረምቱ ተቦርቡሮ ስለነበር መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ቴፑን በሁለት እጇ ታቅፈዋለች። ሾፌሩ በኦሮምኛ ስለ ቡና ዋጋ ያወራል፤ ገበሬው በኮታ ለመንግሥት አስረክብ ስለተባለ ቡናውን ጓዳ እየደበቀ መሆኑን ይናገራል፤ እርጉዟ ሴት በዝምታ መስኮቱን ታያለች። ዘርፈሽ ለወንድሟ የምትናገረውን በሆዷ ስታዘጋጅ ሄደች። ኩራትህ ሚስትህን ቆላ ይዟት ሊወርድ ነው ልትለው አሰበች። ሬዲዮ መክፈት ምን ያህል ከባድ ነገር ሆኖብህ ነው ልትለውም አሰበች። ዲጋ ስትደርስ ያዘጋጀችው ሁሉ ተምታቶባት ነበር።

ከመኪናው እንደወረደች የረዲ ሱቅ ገባች። ረዲ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ እዚያው ዲጋ ያረጀ ነጋዴ ነው፤ ኦሮምኛው ከአማርኛው ይቀናዋል። "አካም ቡልቴ፣ አዴ ዘርፈሽ!" ብሎ ከባንኮኒው ጀርባ ተነሳ። ደህና ማደሯን፣ የነቀምቴን ሰው ጤና፣ የሥራዋን ነገር በየተራ ጠየቀና አራት የባትሪ ድንጋይ ስትለው ከመደርደሪያው ሥር ከጨርቅ ፈትቶ አወጣላት። አንዱ አንድ ብር ከሃምሳ ሆኗል፤ ባለፈው ዓመት ዘጠና ሳንቲም ነበር። "እኔ አይደለሁም የጨመርኩት" አለ እጁን ወደ ላይ አንስቶ። ድንጋዩ ለማን እንደሆነ ሲሰማ ደግሞ መዳፉን ባንኮኒው ላይ አሻሸ። "መምህር ኩማ ከኔ ድንጋይ ገዝቶ አያውቅም። አትቀየሚኝ እንጂ፣ ወንድምሽ ሰው አይቶ እንዳላየ ማለፍ አምጥቷል። ደጃፌ ሲያልፍ ሰላም እለዋለሁ፣ አይመልስም። እስር ቤት ከወጣ ወዲህ ነው ሰው ያስጠላው።"

ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ ከፍ ብሎ በባሕር ዛፍ የተከበበ፣ ጭቃ ግድግዳው በኖራ የተቀባ ነበር። ስድስተኛ ክፍል የመጨረሻው ቤት ነው። በሩ ክፍት ስለነበር ዘርፈሽ ገብታ ቆመች። ኩማ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ነበር፤ ትከሻው ከምታውቀው ጎብጧል፤ ግራጫ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ሰባ የሚሆኑት ተማሪዎች ሲያዩዋት በአንድ ጊዜ ተነሱና እንደተማሩት በአንድ ድምፅ፣ "እንደምን አደሩ፣ መምህርት!" ብለው ጮኹ። ቆርቆሮው እስኪያስተጋባ ድረስ ጮኹ። የኩማ ጠመኔ አልቆመም። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ጻፈ፤ ነጥቡን አሳረፈ፤ ከሥሩ በማስመሪያ አሰመረበት። ከዚያ ዘወር ሲል ልጆቹ ቆመው አያቸው፤ የሚያዩበትን ተከትሎ እሷን አያት። ከልጆቹ አንድም የሳቀ፣ አንድም የተገረመ አልነበረም። ለነሱ የተለመደ ነገር ነበር።

"ቁጭ በሉ" አለ ኩማ፤ ድምፁ ከልክ በላይ ጮክ ያለ ነበር። ሰው ሁሉ ይህን ጩኸቱን ቁጣ ነው ይል ነበር፤ እሷም እንደዚያው ብላለች።

የምሳ ዕረፍት ደወል ሲደወል ልጆቹ ወጡ። እሱ የሚሰበስበውን ጠመኔ ወደ ቆርቆሮው እየከተተ፣ "ስለ ሬዲዮኑ ከሆነ የመጣሽው አትድከሚ፤ መልሴን ታውቂዋለሽ" አላት። ዘርፈሽ መስኮቱን የምታይ መስላ ጀርባዋን ሰጠችውና በተለመደ ድምፅ፣ "ኦቦ፣ አሶሳ ሊልኩህ ነው" አለች። ጠመኔው አንድ በአንድ ቆርቆሮው ውስጥ ሲወድቅ ይሰማታል። ስለ ሚስቱም፣ "ወርቂቱንም ይዘሃት ልትወርድ ነው" አለች። አሁንም ጠመኔው ብቻ ነው የመለሰላት። ዞራ ወደሱ ሄደችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

አፏን አየ። ከዚያ ሄዶ በሩን ዘጋና ተማሪዎቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

"የግራ ጆሮዬ ያኔውኑ ነው" አለ በኦሮምኛ። "ቀኙ ቀስ እያለ ሄደ። አሁን ነጎድጓድ ይሰማኛል፤ መኪናም ሲቀርበኝ በእግሬ ይሰማኛል። የሰው ድምፅ ግን አልቋል።"

"ያኔ" ማለት መቼ እንደሆነ ንገረኝ አላለችም። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ጸሎት ቤቱ የተዘጋ ጊዜ መዘምራኑን ይመራ ስለነበር ከሌሎች ጋር ወስደው አስረውት ነበር። ዘርፈሽ ከነቀምቴ ስንቅ ታመላልስለት ነበር፤ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል፤ እሱ በሕይወት አለ ማለት ነው እያለች ትሄዳለች። ሲፈታ ከስቶ ነበር እንጂ አካሉ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረውም። ምን አደረጉህ ብላ አልጠየቀችውም፤ ማንም አይጠይቅም ነበር፤ የተፈታ ሰው ደግሞ አይናገርም። አሁን ኩማ ሁለት መዳፎቹን ከጆሮዎቹ ግራና ቀኝ ጥቂት አራቀና በአየር ላይ እንደሚያጨበጭብ አድርጎ አሳያት፤ ወዲያው እጆቹን ጉልበቱ ላይ መለሰ።

"ሐኪም ማስረጃ ቢሰጥህ እኮ..."

"ሐኪሙ ምን መታህ ይላል። ምን ልበለው? ወድቄ ነው ብል ሁለቱም ጆሮ በአንድ ውድቀት አይጎዳም። እውነቱን ብናገር ማስረጃው ከኔ ጋር ተመልሶ እዚያው ይገባል" አለ። "ያን ጊዜ ከሥልጠናሽ የወጣሁት ንቄሽ አይደለም። ወደ ሰሌዳው ዞረሽ ስታስረጂ አንድም ቃል አልያዝኩም። ሰው ሁሉ ሲስቅ ምን እንዳሳቀው አላወቅሁም" አላት።

ዘርፈሽ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ከዚያ አጠገቡ ስትሆን አፏን እንደማያይ ገባትና ተነስታ ፊት ለፊቱ ዞረች። የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። ቃላቱን እየለየች፣ ሳትቸኩል ነበር የምትነግረው።

ለምሳ ወደ ቤቱ ይዟት ሄደ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ግድግዳ በጋዜጣ ተለብጦ፣ በጋዜጣው ላይ የልጆቻቸው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ሁለቱም ልጆች ተድረው ሄደዋል። ሚስቱ ወርቂቱ ዘርፈሽን ስታይ ደነገጠችም ደስም አላት፤ ድንጋጤዋ የለቀቃት ዘርፈሽ ባሏን ፊት ለፊት ቆማ ስታናግረው ካየች በኋላ ነው። "አወቅሽ" አለች ወርቂቱ በዝቅተኛ ድምፅ። ጎመኑንና ቂጣውን አቅርባ እሷ ግን ሳትበላ ተቀመጠች። እንግዳ ሲመጣ ከጎኑ ሆና የተባለውን እንደምትደግምለት፣ ለቅሶ ቤት መሄድ የተወው ጨለማ ቤት ውስጥ የሰው አፍ ስለማይታይ እንደሆነ፣ ማታ ማታ ኩራዙን በመካከላቸው አድርገው ካልሆነ እንደማያወሩ፣ ጋዝ ከቀበሌ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ዝም ብለው እንደሚተኙ ነገረቻት። ይህን ሁሉ ስትናገር ኩማ ሳህኑን እያየ ይበላ ነበር። ስለሱ እንደሚወራ ያውቃል፤ ቀና ብሎ ምን አላችሁ አላለም።

ዘርፈሽ እጇን ታጥባ ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የዕለቱን ትምህርት በካሴት ይዛለች፤ መምሪያው ውስጥ ደግሞ ሬዲዮኑ የሚናገረው ሁሉ ከነዕረፍቱ ታትሟል። ስድስት ዓመት ስታሠለጥን ይህ ጽሑፍ ለምን እንደታተመ ግድ ሰጥቷት አያውቅም ነበር። ቴፑን ከፍ አድርጋ ከፈተችና የኩማን ቀኝ እጅ ይዛ ድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፈችው። መጀመሪያ ምን እንደምትፈልግ አልገባውም። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። "ይንቀጠቀጣል" አለ። "ሲናገር ይንቀጠቀጣል፤ ሲያርፍ ይቆማል" አለችው ፊት ለፊቱ ሆና። መምሪያውን በግራ እጁ ዘርግቶ፣ ቀኝ መዳፉን ቴፑ ላይ አድርጎ መስመሩን በዓይኑ ይከተል ጀመር። የመጀመሪያው ዕረፍት አለፈው። ሁለተኛው ላይ ዘገየ። ሦስተኛው ላይ ግን በትክክል ጣቱን ወደ ወርቂቱ ቀሰረና፣ "ድገሚ!" ብሎ ጮኸ። ወርቂቱ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ደንግጣ፣ "ኧረ እኔ ምን ልበል!" ስትል የአፏን አከፋፈት አይቶ ሳቀ። ሦስቱም ሳቁ። ደግመው ደጋግመው ሞከሩት። ያን ሁሉ መምህር ያሠለጠነችው ዘርፈሽ እንደ ወንድሟ ቶሎ የያዘው ሰው ትዝ አላላትም።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ቆልፌበት" አለ ኩማ እጁን ከቴፑ ላይ ሳያነሳ።

ከሰዓት በኋላ ጉሉማ በላንድሮቨር መጣና የኋላ አግዳሚ ላይ፣ ልጆቹ ተጨናንቀው በለቀቁለት ቦታ ተቀመጠ። ዘርፈሽ ሬዲዮኑን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ፣ አዲሱን ድንጋይ ከትታ፣ ማሰራጫውን አግኝታ የመምህሩ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀምጣዋለች። ኩማ ቃላቱንና ዓረፍተ ነገሮቹን ሰሌዳ ላይ አስቀድሞ ጽፏል። መዳፉን ከሬዲዮኑ ጎን ሲያሳርፍ ለሚያየው ሰው ሬዲዮኑ እንዳይወድቅ የደገፈው ይመስላል። የመክፈቻው ሙዚቃ አልቆ የሴትየዋ ድምፅ እንግሊዝኛውን ጀመረ፤ "ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፋርመር" አለችና ቆመች። የኩማ ማስመሪያ ወደ ልጆቹ ተዘረጋ፤ ሰባው ልጅ በአንድ ድምፅ መለሰ። "ሂ ጎስ ቱ ዘ ማርኬት" አለች። ማስመሪያው ተዘረጋ። ጉሉማ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፤ ራሱን ነቀነቀ። ዘርፈሽ ከግድግዳው ተደግፋ ቆማ፣ እግሯ ሥር ያለው መሬት ቀስ በቀስ ሲጸናላት ተሰማት። ወንድሟ ሠላሳ ዓመት ሲያስተምር የኖረበትን ክፍል እንደገና ሲይዘው እያየች ነበር፤ ፊቱ ላብ አውጥቶ ያበራል።

ትምህርቱ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሬዲዮኑ ድንገት ተንኮሻኮሸ። ሴትየዋ በዓረፍተ ነገር መካከል ተቆረጠችና አንድ ወንድ በአማርኛ፣ መደበኛው ዝግጅት ተቋርጦ ከአዳራሽ በቀጥታ የሚተላለፍ ንግግር እንደሚቀጥል አስታወቀ። ጭብጨባ ተከተለ። ጭብጨባው ረጅም ስለነበር ኩማ ንባቡ የረዘመ መስሎት ዓይኑን መምሪያው ላይ ተክሎ ጠበቀ። ከዚያ ተናጋሪው፣ "የተከበራችሁ ጓዶች" አለና ትንፋሽ ወሰደ። ማስመሪያው ተዘረጋ። ልጆቹ ለአንድ አፍታ ተያዩ፤ ከዚያ ሰሌዳውን አይተው፣ "ሂ ሴልስ ኮፊ ኤንድ ሃኒ!" ብለው መለሱ። ተናጋሪው ምርታችንን በእጥፍ እናሳድጋለን አለ፤ ልጆቹ እናቴ ከወንዝ ውኃ ትቀዳለች የሚለውን በእንግሊዝኛ ደገሙ። አንድም ልጅ አልሳቀም። መምህራቸው በጠቆመ ቁጥር፣ መስመር ሳይስቱ፣ ልክ ሬዲዮኑ ያንኑ ያላቸው ይመስል ይመልሱ ነበር። ከኋላ አግዳሚ የጉሉማ እስክሪብቶ ቆሟል።

ዘርፈሽ ሄዳ ሬዲዮኑን ዘጋችው። ኩማ እሷን አላየም፤ መጽሐፉ ላይ ነበር። መዳፉ ሥር ያለው ንዝረት ሲቆም ዕረፍት ነው ብሎ ማስመሪያውን ዘረጋ፤ ልጆቹ ደገሙ። ከዚያ የሚቀጥለውን ንዝረት ጠበቀ። ጠበቀ። ጣቶቹን ትንሽ አንስቶ ሌላ ቦታ ላይ አሳረፋቸው። ቀና ሲል የእህቱን እጅ የሬዲዮኑ መዝጊያ ላይ አየ፤ ዓይኑ ከእጇ ወደ ፊቷ ሄደ።

"ጓድ ኩማ" አለ ጉሉማ ከኋላ። ኩማ እህቱን እያየ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ወደ ኋላ ሲዞሩ ነው እሱም የዞረው። ጉሉማ ተነስቶ ቆሟል፤ የመስኮቱ ብርሃን ከጀርባው ስለሆነ ፊቱ ጠቁሯል።

"ሬዲዮኑ አሁን ምን እያለ ነበር?"

"አዎን፣ ጓድ" አለ ኩማ ጮክ ብሎ።

ጉሉማ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ መልሶ ወጣ። ዘርፈሽ ተከትላው ወጣች። ላንድሮቨሩ አጠገብ ቆሞ የባሕር ዛፎቹን ያይ ነበር፤ ሾፌሩን ውኃ ጠጣ ብሎ አራቀው። ዘርፈሽ ከክፍል ስትወጣ ውሸት አዘጋጅታ ነበር። ሥርጭት ሲቋረጥ መምህሩ ከመምሪያው እንዲቀጥል ያዘዝኩት እኔ ነኝ ልትል ነበር። ጉሉማ ግን ቀደማት።

"ጭራሽ አይሰማም?"

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"በምን ምክንያት?"

"ታስሮ በነበረ ጊዜ" አለች። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ስለዚያ ጊዜ ለመንግሥት ሹም አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር።

ጉሉማ የመኪናውን በር እጀታ ያዘ። ከክፍሉ ውስጥ የኩማ ድምፅ ይመጣል፤ ያለ ሬዲዮ ትምህርቱን ቀጥሏል። "ይኼንን እኔ አልሰማሁም" አለ ጉሉማ። "እርስዎም አልነገሩኝም። ማስረጃ አያምጣ፣ ማመልከቻም አይጻፍ። አሶሳ ይቅር፤ እሱን እኔ አስተካክላለሁ።" ትከሻዋ ሲወርድ አይቶ ቶሎ ብሎ ቀጠለ፤ "ስድስተኛ ክፍል ግን አይሆንም። ሌላ ቀን ከኔ ሌላ ሰው ቢመጣና ያንን ቢያይ በባለሥልጣን ንግግር አሾፉ ነው የሚለው። ሰባ ልጅ ምስክር ነው። ከሰኞ ጀምሮ አንደኛ ክፍል ይያዝ፤ ስድስተኛን ከመምህራን ማሠልጠኛ የመጣው አዲሱ ልጅ ይይዘዋል። አንደኛ ክፍል ሬዲዮ የለውም።"

"የእንግሊዝኛ መምህር ነው፣ ጓድ ጉሉማ። ከአውራጃው የሚኒስትሪ ፈተና ተፈታኞች በብዛት የሚያልፉት የሱ ልጆች ናቸው።"

"አውቃለሁ። እኔንም ያስተማረኝ የሱ ተማሪ ነው" አለና መኪናው ውስጥ ገባ። አብረን እንመለስ ብሎ ጠየቃት፤ እቀራለሁ አለችው። አልተከራከራትም።

ትምህርት ካበቃ በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፀሐይዋ ወደ ግምቢ በኩል አዘንብላ በመስኮቱ ትገባ ስለነበር ዘርፈሽ ብርሃኑ አፏ ላይ እንዲያርፍ ወንበሯን አስጠጋች። ሁሉንም ነገረችው፤ አሶሳ መቅረቱንም፣ አንደኛ ክፍልንም። ኩማ እስክትጨርስ ጠበቀ።

"ስድስተኛን ማን ይይዘዋል?"

"ከማሠልጠኛ የመጣው አዲሱ ልጅ።"

"ጎበዝ ነው፤ ግን ይቸኩላል። ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ወዲያው ይደመስሰዋል፤ ከኋላ ያሉት ሳይገለብጡ" አለ። የመምሪያ መጽሐፎቹን ከመሳቢያው አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ ጠርዛቸውን በመዳፉ አስተካከለ። "የአንደኛ ክፍል ልጆች ሲያነቡ አፋቸውን በሰፊው ይከፍታሉ። ይሻለኛል ይሆናል" አለ። እንደሚሻለው የሚያምን ሰው አነጋገር አልነበረም፤ እሷን ለማሳረፍ እንደተናገረው ገባት። የሚሻልህ ነው ልትለው ፈልጋ ተወችው። ከንፈሯን ያያል፤ ስትዋሽ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል።

ወርቂቱ ወደ ነቀምቴ የሚመለስ ጭነት መኪና መንገድ ላይ መቆሙን ልትነግራቸው መጣች። በሩ ላይ ቆማ ዘርፈሽን ጠራቻት፤ ዘርፈሽም ዞር ብላ፣ "መጣሁ፣ ትንሽ ጠብቂኝ" አለቻት። ኩማ ሁለቱን በየተራ አያቸው። ዘርፈሽ ቴፑን አንስታ ስትነሳ እጇን ያዛት።

"ዘርፌ፣ ወርቂቱ በሙሽርነቷ እናታችንን ታውቃቸዋለች፤ ድምፅሽ ቁርጥ የእሳቸውን ሆኗል ትለኛለች። ባለፈው ለቅሶ ቤት ሰምታሽ ነው። እውነት ነው እንዴ?"

እናታቸው ሲሞቱ ዘርፈሽ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ድምፃቸውን አታስታውሰውም። የሚያስታውሰው እሱ ነው። ከውጭ የጭነት መኪናው ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ወርቂቱ በሩ ላይ በእጇ ነይ ነይ አለቻት። ኩማ እጇን ሳይለቅ አፏን እያየ ይጠብቃል። ቴፑን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች፤ እናታቸው ምን ምን ይሉ እንደነበር፣ እንዴት ብለው እንደሚጠሩት እንዲነግራት ለመነችው። እሱ ማስታወስ ጀመረ፤ እሷም የእናታቸውን ቃል አንድ በአንድ፣ ብርሃኑ ላይ ሆና፣ ደገመችለት። መኪናው ሄደ።